ከመኪናው በፊት ጠረጴዛው

ለዚህ ምልልስ ሁለት ሴቶችና አንድ ክፍል ይበቁናል። ክፍሉ አምቦ ነው፤ ከነቀምቱ አውራ ጎዳና ገባ ብሎ ካለ ግቢ ጀርባ፣ አራት በሦስት ሜትር የሆነ ሰርቪስ ቤት። አንደኛዋ ሴት እዚህ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍተዋል። ሌላዋ የወንድማቸው ልጅ ናት፤ በአገሩ ወግ «አዳዳ» ትላቸዋለች፣ የአባቴ እህት ስትል። እኛም በዚሁ እንጥራቸው።

ልጅቱ አዲስ አበባ ዳር ካለው ከቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመለሰች ናት። ቦሌ ለሚ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ከተመረቀው ከሐዋሳው ፓርክ ቀደም ብሎ ነው ሥራ የጀመረው። የሁለቱም ፓርኮች ልብስ በአመዛኙ ወደ ውጭ የሚላክ ነበርና፣ አሜሪካ በታኅሣሥ 2014 ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ ከሆነው የአጎዋ ንግድ ስታስወጣ ዱላው ቀድሞ ያረፈው መርፌው ፊት በተቀመጡት ሴቶች ላይ ነው። ደመወዙም ቢሆን የሚያስቀር አልነበረም። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ማዕከል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ባወጣው ጥናት የኢትዮጵያ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። የልጅቱ ሻንጣ አሁን ከአዳዳ አልጋ ሥር ነው።

ፋብሪካ ውስጥ የእሷ ሥራ እጅጌ መግጠም ብቻ ነበር። ቀን ሙሉ እጅጌ። ሙሉ ሸሚዝ ብቻዋን ሰፍታ አታውቅም፤ ሥራ ከእጅ ወደ እጅ እንዴት እንደሚሄድ ግን አሳምራ አይታለች። አዳዳ በተቃራኒው ልክ ከመውሰድ እስከ ቁልፍ መትከል ሁሉን ብቻቸውን የሚወጡ ባለሙያ ናቸው፤ መቀሳቸው የት እንዳለ ግን አያውቁም።

ወሩ ነሐሴ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ድምፅ ዝቅ አድርጎ ማውራት አይቻልም። አልጋው ላይ ሰማያዊ ፖፕሊንና ግራጫ ገበርዲን ተቆልሏል። መስከረም ሊጠባ ነው፣ የ14 ተማሪ ዩኒፎርም ገና መቀስ አልነካውም። አዳዳ አልጋው አጠገብ ተንበርክከው በሳሙና ስባሪ ያሰምራሉ።

— አዳዳ፣ ፍራሽ ላይ ነው የሚቆርጡት?

— ታዲያ የት ልቁረጥ? ደጅ ጭቃው ላይ?

— መሀሉ እኮ ሰርጉዷል። ጨርቁ አብሮ ሲሰምጥ መስመሩ ይጣመማል።

— ሠላሳ ዓመት ቆርጬበታለሁ። ሱሪዬ ጎረደ ብሎ የመጣ የለም።

ልጅቱ መልስ አልሰጠችም። ትናንት ተሰፍቶ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሱሪ አወረደች፤ ወገቡን ይዛ ሁለቱን እግሮች ጎን ለጎን ወደ ታች ለቀቀቻቸው። ግራው ከቀኙ በአውራ ጣት ወርድ ይረዝማል።

— ሲዘመዘም ይስተካከላል፤ አሉ አዳዳ፣ ዓይናቸውን ከጨርቁ ሳያነሱ።

ነገሩ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። የአዳዳ ዕቁብ በዚሁ ወር ወጥቶላቸዋል፤ ብሩ ምን ይገዛበት በሚለው ግን ሁለቱ አልተስማሙም። አንባቢ ወጣቷ የኤሌክትሪክ፣ አሮጊቷ የእግር ስፌት መኪና ይሉ ይሆናል ብሎ ከገመተ ተሳስቷል።

— እኔ የምፈልገው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። እናንተ ፋብሪካ የነበረውን ዓይነት። ጉልበቴ አለቀ፤ ፔዳል ረግጬ ስነሳ ይንቋቋል።

— የፋብሪካው መኪና በደቂቃ እስከ 5000 ጊዜ ይወጋል። ለእርስዎ ምን ያደርግልዎታል?

— ምን ያደርግልዎታል ትለኛለች! በቀን አምስት የምሰፋውን አሥር አላደርስበትም?

— አያደርሱም። ዛሬ ጠዋት አንድ ሸሚዝ ሲሰፉ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። መቀሱን ሦስት ጊዜ ፈለጉት፤ አንዴ የተቀመጡበት ነበር። ቦቢኑ ሲያልቅ ኒዶ ጣሳውን ከነቁልፉ፣ ከነዚፑ፣ ከነመርፌው አልጋው ላይ ገለበጡት። ኮሌታው ተገልብጦ ተሰፋ፣ በምላጭ ተረተሩት። ለመተኮስ ኩሽና ሄዱ፣ እዚያ ቡና ተፈላ። መርፌው የሠራው ስንት ደቂቃ ነው?

— ቡናውንም ቆጠርሽብኝ?

— ቡናውን ተውኩልዎት።

ልጅቱ የምታወራው ካየችው ተነስታ ነው። በልብስ ፋብሪካ ሰዓት ይዞ ከሠራተኛዋ ጀርባ የሚቆም ሰው አለ፤ ሥራው መርፌው ቆሞ የሚያልፈውን ጊዜ መቀነስ ነው። ጨርቁ በአንድ በኩል ይመጣል፣ በሌላው በኩል ይወጣል፣ ወደ ኋላ አይመለስም። ሰዓት ያዡን ማንም አይወደውም፤ እሷም አትወደውም ነበር። ዘዴው ግን አብሯት መጣ። በአዳዳ ክፍል ጨርቁ ከአልጋ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ኩሽና፣ ከኩሽና ተመልሶ ወደ አልጋ ይመላለሳል። አንድ ሸሚዝ እስኪያልቅ ድረስ አዳዳ ሸሚዙን ይዘው ግቢውን ይዞሩታል።

— እሺ አንቺ በብሩ ምን ልትገዢ ነው?

— አንድ ቺፑድ።

አዳዳ ሳቁ። ልጅቱ ግን ደብተሯን ገለጠች፤ ሒሳቡን ቀድማ ሠርታዋለች። አንድ ሙሉ ቺፑድ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር ነው። የሱሪና የኮት ጨርቅ ባብዛኛው ወርዱ 150 ነው፤ ለሁለት ሲታጠፍ 75 ይመጣል። ስለዚህ 80 ሳንቲ ወርድና 180 ቁመት ያለው ገበታ የትኛውንም ጨርቅ ዘርግቶ ይይዛል። ከቺፑዱ የሚተርፈው 42 ሳንቲ ወርድ ያለው ረጅም ቁራጭ ለሁለት ተቆርጦ መደርደሪያ ይሆናል። ሌላው ትርፍ፣ 64 በ80 የሆነው፣ ብርድ ልብስ ለብሶ የመተኮሻ ገበታ ይወጣዋል። እግሩን ሰፈር ያለ አናጺ በእንጨት ይሠራዋል።

— ቁመቱስ? አሉ አዳዳ። አሁን አልሳቁም።

— ይቁሙ እስቲ። ክንድዎን እንዲህ አጥፈው።

ልጅቱ ከመሬት እስከ ክርናቸው በሜትር ለካች፤ 102 መጣ። ከዚያ ላይ አሥር፣ አሥራ ሁለት ሳንቲ ቀነሰች። የመቁረጫ ጠረጴዛ ከባለቤቱ ክርን ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት፤ ከዚያ ካነሰ ወገብ ያጎብጣል፣ ከዚያ ከበለጠ ትከሻ ያንጠለጥላል። የአዳዳ 90 ሳንቲ አካባቢ ነው። መኪናው የሚቀመጥበት ገበታ ግን ሌላ ነው፤ ተቀምጦ ስለሚሠራበት ከ70 እስከ 75 ሳንቲ ይበቃዋል። ሁለቱን ሥራ አንድ ጠረጴዛ ላይ ለመሥራት የሞከረ ሰው ወይ ወገቡን ወይ ትከሻውን ያጣል።

— ጉልበቴን አመመኝ ስልሽ ወገቤን ታክሚኛለሽ።

— ጉልበትዎስ ከምን የመጣ ይመስልዎታል? ፔዳሉ ብቻ ነው? ሠላሳ ዓመት ተንበርክከው ነው የቆረጡት።

እዚህ ላይ አዳዳ ዝም አሉ። ፔዳሉም ቢሆን ግን ንጹሕ አይደለም፤ ልጅቱ ራሷ ይህን አልካደችም። የተስማሙት በመካከለኛው ነገር ነው። መኪናው ሲንጀር ነው፤ የብረት እግር፣ ጥቁር አንገት፣ ወርቃማ ጽሑፉ በእጅ ብዛት የተፋቀ። ከጎኑ ዲናሞ የሚሉት ትንሽ ሞተር ቢታሰርለት መብራት ባለ ቀን በሞተር፣ መብራት በሄደ ቀን በእግር ይሠራል። የቆዳ ቺንጋው አይጣልም፤ ከመንኮራኩሩ ወርዶ እዚያው ይንጠለጠላል። የዚህ ዓይነቱ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ዋት ብዙ አይርቅም፤ አንድ የኤሌክትሪክ ካውያ ብቻውን ከዚያ አሥር እጥፍና በላይ ይስባል።

ስለ ሲንጀሩ አንድ ነገር ጣል ማድረግ ተገቢ ነው። አይዛክ ሲንገር መኪናውን በስሙ ያስመዘገበው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1851 ሲሆን፣ ኩባንያው ከአምስት ዓመት በኋላ በየወሩ እየከፈሉ የመግዛት ዘዴ አመጣ። ያኔ የአንድ መኪና ዋጋ ለአንድ ቤተሰብ የማይሞከር ነበርና ሲንጀርን በየቤቱ ያስገባው ከመርፌው ይልቅ ይህ ዘዴ ነው ማለት ይቻላል። እኛ አገር ያንን ሥራ የሠራው ዕቁብ ነው። የአዳዳም መኪና የአማታቸው ዕቁብ ነበር፤ አምቦ ገና ሀገረ ሕይወት በምትባልበት ዘመን። መኪናው አካል ላይ የተመታው ቁጥር በ«ኢኤ» ይጀምራል፤ ይህ ስኮትላንድ ክላይድባንክ ላይ የነበረው ፋብሪካ ምልክት ነው። ፋብሪካው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ተዘግቷል፤ መኪናው አምቦ ላይ ገና ዩኒፎርም ይሰፋል።

— የዛሬ ልጆች ሲንቄ ባንክ ሄደሽ ተበደሪ ይሉኛል።

— እኔ አላልኩም።

— አንቺማ ቺፑድ ነው ያልሽው።

(ሲንቄ ባንክ የቀድሞው የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ነው፤ ስሙን የወሰደው የኦሮሞ እናቶች ከሚይዙት የክብር በትር ነው። አዳዳ በትሩ አላቸው፣ ብድሩ የላቸውም።)

የብርሃኑ ጉዳይ ብዙ አከራከራቸው። በምዕራብ ሸዋ ልብስ ሰፊ የሆነ ሰው አንድ የማያመልጠው ችግር አለበት፤ ሥራ የሚበዛውና ብርሃን የሚያንሰው በአንድ ጊዜ ነው። ዩኒፎርሙ የሚታዘዘው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ያኔ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሮ ይውላል፣ መብራቱም በነጎድጓድ ሰበብ ይሄዳል። ከጀልዱ ደጋ እስከ ጉደር ያለው ሰፊ ሁሉ በዚህ ወቅት ዓይኑን አጥብቦ ነው የሚሰፋው። ጥርና ሚያዝያ ላይ፣ የሠርግ ልብስ ሲመጣ፣ ፀሐዩ ለሁሉም ይበቃል። ስለዚህ የስፌት ክፍልን በጥር ያደራጀ ሰው ነሐሴን ረስቷል።

— መኪናው ለምን ከበሩ አጠገብ ሆነ?

— ብርሃን የሚገባው በበሩ ነዋ።

— በቀኝዎ በኩል እኮ ነው የሚገባው። የመኪናውን ቁም ብረት ይዩት፤ በስተቀኝ ነው የቆመው። መርፌው በስተግራ ነው። ከቀኝ የመጣ ብርሃን ብረቱ ላይ ያርፍና መርፌዎ ጥላ ውስጥ ይገባል።

አዳዳ ጎንበስ ብለው አዩ። ጣታቸውን መርፌው ሥር አስገብተው፣ ከዚያ እጃቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሠላሳ ዓመት በገዛ መኪናቸው ጥላ ውስጥ እንደሰፉ ለማመን ትንሽ ጊዜ ወሰደባቸው።

— ያ ዋቃ! አሉ በመጨረሻ።

መኪናው ወደ መስኮቱ ይዛወርና መስኮቱ በግራቸው ይሁን ተባለ። ከዚያ በላይ ልጅቱ ከጣሪያው አንዱን ቆርቆሮ አንስቶ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ መተካትን አሰበች፤ አዳዳ ግን ይህንን አልተቀበሉም። በበጋ ፀሐዩ ጨርቅ ያነጣል፣ ሰማያዊ ፖፕሊን ሳይሰፋ ይወይባል ባይ ናቸው። ትክክል ናቸው። በምትኩ የራሳቸውን ዘዴ አመጡ፤ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ በቀን ብርሃን ይሰፋል፣ ነጩና ፈዛዛው ለማታ ይቆያል። ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ በአምፖል ማየት የወጣት ዓይን እንኳ ይፈትናል። ልጅቱ ይህን ደብተሯ ላይ ጻፈች። ፋብሪካ ውስጥ መብራቱ ቀንና ማታ አንድ ስለሆነ እንዲህ ያለ ነገር የሚያስተምራት አልነበረም።

ቀጥሎ የኒዶ ጣሳው ወረደ።

— ይኼ ጣሳ ውስጥ ምን አለ?

— ሁሉም።

— ሁሉም ያለበት ጣሳ ውስጥ ምንም የለም አዳዳ።

የልጅቱ መፍትሔ ወጪ የለውም። ከየቡና ቤቱ የሚጣሉ የሃይላንድ ጠርሙሶች ከወገባቸው ይቆረጣሉ፤ የታችኛው ግማሽ ከውጭ የሚታይ ዕቃ ይሆናል። አንዱ ለነጭ ቁልፍ፣ አንዱ ለጥቁር፣ አንዱ ለዚፕ፣ አንዱ ለላስቲክ። (ሃይላንድ የአንድ ድርጅት ውኃ ስም ነበር፤ ዛሬ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ ስም ሆኗል። ሲንጀርም መኪና ለተባለ ሁሉ እንዲሁ ነው።) ቦቢኖቹ በሚስማር ላይ ይሰካሉ፣ ቀለማቸው ይታያል። መቀሱ በገመድ ከጠረጴዛው ይታሰራል።

— መቀስ እንደ በግ ይታሰራል?

— የጨርቁ መቀስ ይታሰራል። የልጅ ልጅዎ የወረቀት ሥራ የሚሠራበት ሌላ ይገዛለታል።

መርፌው ጋ ሲደርሱ ልጅቱ አልሳቀችም። አዳዳ መርፌ የሚቀይሩት ሲሰበር ብቻ ነው። ከሠላሳ ዓመት ልምድ በላይ ቀላል የሆነ ነገር ግን መርፌው ላይ ተጽፏል፤ 70፣ 80፣ 90፣ 100 የሚሉት ቁጥሮች የውፍረቱ መጠን ናቸው፣ 90 ማለት 0.9 ሚሊ ሜትር ነው። ለፖፕሊን 80፣ ለገበርዲን 90፣ ለጂንስ 100። ፖፕሊን በ100 ሲሰፋ ቀዳዳው ዓይን ይሆናል፤ ጂንስ በ80 ሲሰፋ መርፌው ይጎብጥና መኪናው ጥርሱን ያፋጫል። ጫፉ የዶለዶመ መርፌ ደግሞ ክሩን ይጎትታል፤ ሰፊው መኪናው ተበላሸ ብሎ ጠጋኝ ይጠራል።

— ባለፈው ጠጋኙ መጥቶ ነበር። ከሥር ክሩ እየተዝረከረከ አስቸገረኝ። የታችኛውን ፈታ፣ አጠበቀ፣ ብሩን ወስዶ ሄደ። በነጋታው ያው ሆነ።

— ከሥር ሲዝረከረክ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ የላይኛው ክር ነው።

— የሥሩ ዝርክርክ የላዩ ጥፋት?

ልጅቱ ነጭ ክር ከላይ፣ ቀይ ክር ከታች አስገብታ አንድ ስንዝር በቁራጭ ጨርቅ ላይ ሰፋችና ገለበጠችው። ከሥር የተዝረከረከው ነጩ ነበር። የመርፌው ቀዳዳ ጫፉ ላይ መሆኑ፣ የላይኛው ክር ወርዶ ከታችኛው ጋር ጨርቁ መሀል መቆለፉ፣ ይህ ኤልያስ ሀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1846 ያስመዘገበው ዘዴ ነው፤ የላይኛው ክር ከለቀቀ ቁልፉ ወደ ሥር ይወርዳል። አዳዳ ቁራጩን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ። ነጩን ክር በጥፍራቸው ሳቡት፤ እንደ ተልባ ገመድ ሳይያዝ መጣ። ከዚያ የላይኛውን መወጠሪያ አንድ ሩብ ዞር አደረጉና ደግመው ሰፉ። አሁን ከላይ ነጭ ብቻ፣ ከሥር ቀይ ብቻ። ደግመው ሰፉ። አስፈላጊ አልነበረም፣ ደስ ስላላቸው ነው።

— ዘይቱስ? የምን ዘይት ነው የሚቀቡት?

— የወጡን።

የልጅቱን ፊት እዚህ መግለጽ አያስፈልግም። የምግብ ዘይት ውሎ ሲያድር ሙጫ ይሆናል፤ የመኪና ዘይት ለብቻው ይገዛል፣ ጠብታው ይበቃል።

በካውያው ላይ ግን አዳዳ ነበሩ አስተማሪዋ። ልጅቱ በየስፌቱ መሀል መተኮስ አለበት፣ ኮሌታ ሳይተኮስ አይገለበጥም አለች፤ አዳዳ ተስማሙ። ለዚህ የኤሌክትሪክ ካውያው ከኩሽና ወጥቶ ከመኪናው አንድ እርምጃ ላይ እንዲቀመጥ ተባለ። መብራት ሲሄድ የከሰል ካውያው አለ፤ እሱ ግን በረንዳ ላይ እንጂ ክፍል ውስጥ አይገባም፣ የከሰል ጢስ በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል። ልጅቱ ሲተኮስ የሚረጭ ውኃ ፍለጋ መደርደሪያ ላይ የነበረውን የአምቦ ውኃ ጠርሙስ አነሳች።

— ተይው! አሉ አዳዳ። ያንን የምትረጪ ከሆነ ጨርቁ ላይ ነጭ ካርታ ይሠራል። እንፋሎት ካውያ ውስጥማ እንዳትሞክሪው፤ ቀዳዳው ይደፈናል።

የአምቦ ሰው ስለ ውኃው ማዕድን ከማንም በላይ ያውቃል። ጋዙ ይበርራል፤ ካልሲየሙና ማግኒዝየሙ ይቀራል። የዝናብ ውኃ ደግሞ ከቆርቆሮው ሥር በባልዲ ሞልቷል።

ስለ ቁርጥራጩ ጆንያ ግን ማንም አላሸነፈም። ልጅቱ ይጣል አለች።

— በ2012 ኮሮና ሲመጣ ማስክ ከየት የወጣ መሰለሽ? ገበያው ተዘግቶ ጨርቅ ሲጠፋ? ከዚህ ጆንያ ነው።

— ኮሮና በየዓመቱ አይመጣም።

— ኪስ በየዓመቱ ይቀደዳል።

ከመዳፍ የሚበልጠው ለኪስና ለገበር ይቀመጥ፣ ከመዳፍ የሚያንሰው ትራስ ውስጥ ይግባ ተባለ። ጆንያው ግማሽ ጆንያ ሆነ፤ አልጋ ሥርነቱ ቀጠለ።

ከሆለታ በጊንጪ አድርጎ እስከ ጌዶ ባሉት ከተሞች ልብስ ሰፊን ለማግኘት የጨርቅ ሱቅ በረንዳ መፈለግ ነው። መኪናው ደጅ ነው፣ ሰፊው ባብዛኛው ወንድ ነው፣ ጨርቁን ገዝተህ እዚያው ትለካለህ። ከቤት የሚሰፋ ሰው ይህን አላፊ አግዳሚ አያገኝም። አዳዳን የሚያስጨንቃቸውም ይኼው ነበር፤ ክፍሉ ምንም ቢያምር ግቢ ጀርባ ያለ ክፍል ማን ያየዋል?

— ሴቶቹ ለምን ነው እርስዎ ጋ የሚመጡት? በረንዳው ላይ ሰፊ ጠፍቶ ነው?

— ደረታቸውን መንገድ ዳር የሚለካቸው ሰው ስለማይፈልጉ ነው።

— ታዲያ መለኪያ ቦታው የታለ? አልጋውና መኪናው መሀል ነው የሚያቆሟቸው፤ በሩም ክፍት ነው።

ከበሩ ጀርባ ባለው ጥግ ገመድ ተወጥሮ መጋረጃ እንዲንጠለጠል፣ ቁም መስታወቱ ከሳሎን እንዲመጣ ተወሰነ። ይህ ከመደርደሪያውም ከጠርሙሱም በላይ ገንዘብ የሚያመጣ ለውጥ ይመስለናል። ከጥጉ አጠገብ ደብተር ይንጠለጠላል፤ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ እጅጌ፣ ቁመት። አዳዳ የደንበኛን ልክ በቃል የሚይዙ ናቸው፤ የሚኮሩበትም ነገር ነው።

— የማን ልክ ጠፍቶብኝ ያውቃል?

— እርስዎ አንድ ቀን ቢታመሙ እኔ የማንን አውቃለሁ?

ደግሞም የሚመጣው ሥራ ተለውጧል። ሰልባጅና በኮንቴይነር የሚገባው የቻይና ዝግጁ ልብስ ገበያውን ከሞሉት ወዲህ ሙሉ ልብስ የሚሰፋው ለበዓል፣ ለሠርግና ለዩኒፎርም ሆኗል፤ የተቀረው ማሳጠር፣ ማጥበብና ዚፕ መቀየር ነው። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየሳምንቱ የሚያመጡት ሱሪ ነው። ሰፊ ሥራዬ ተነጠቀ ሲል ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ ፈረንሳይ ውስጥ ባርተልሚ ቲሞኒዬ 80 በሚያህሉ መኪናዎች የወታደር ልብስ ማሰፋት ሲጀምር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1831 የፓሪስ ሰፊዎች ገብተው ሰባበሩበት። አዳዳ ይህን ሲሰሙ «ምነው እኛ ኮንቴይነሩን» ብለው ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ለማንኛውም መደርደሪያው በዚህ ልክ ተከፈለ፤ ለእጅ ቅርብ የሆነው ዚፕና ክር፣ መሀሉ ዩኒፎርም፣ ላይኛው ለኢሬቻ ልብስ። ኢሬቻ በ2012 ዓ.ም. ሆረ ፊንፊኔ ላይም መከበር ከጀመረ ወዲህ ትእዛዙ ገና ዩኒፎርሙ ሳያልቅ ይደርሳል፤ ነጩ ጨርቅም ከገበርዲኑ ክር ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ማደር የለበትም፣ ግራጫ ብናኝ ይይዛል።

ከቀትር በኋላ ዝናቡ ሲያባራ መኪናውን ማንሳት ጀመሩ። የብረቱ እግሮች ከሊሾው ጋር ተጣብቀዋል ማለት ይቻላል። ሲነሳ ከሥሩ የወጣው ሌላ ጉድ ነው፤ የተበላሸ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ ውስጥ የነበረ ማግኔት ልጅቱ መሬቱ ላይ ብትጎትተው እንደ ጃርት ሆኖ ተነሳ፣ ስፒሉም መርፌውም አብሮ። አንድ ትልቅ ቡናማ የካፖርት ቁልፍም ተገኘ።

— ይኼንንማ እኔ አጣሁት ብዬ ከፍዬበታለሁ፤ አሉ አዳዳ።

አልጋው ተነስቶ ደጅ ወጣ። ለጠረጴዛው ቦታ በሳሙና ስባሪ መሬቱ ላይ ተሰመረለት፤ 180 በ80። ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ጭቃ ሲጫወት የዋለው የሰባት ዓመቱ የልጅ ልጅ በሩ ላይ ቆሞ ባዶውን ክፍል አየ።

— አያቴ፣ እኔ የት ልተኛ ነው?

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። የሒሳብ ደብተሩ ላይ ልጁ አልነበረም። ልጅቱ በመስመሩ ውስጥ ቁጢጥ ብላ ከመሬት ወደ ላይ 90 ሳንቲ በእጇ አሳየች።

— ከጠረጴዛው ሥር ፍራሽ ይገባል። ለእሱ ቁመት ይበቃዋል።

— ና እስቲ፣ ቁም፤ አሉ አዳዳ። ሜትሩን ከአንገታቸው አወረዱ። ልጁ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ፣ አገጩን ቀና አደረገ።

— አንድ ሜትር ከአሥራ ስምንት። ጻፊው። ትከሻ፣ ሠላሳ አንድ። ወገብ...

— ለፍራሽ ትከሻ ምን ያደርጋል?

— ለፍራሽ አይደለም። አሥራ አምስተኛው ዩኒፎርም ነው። የእሱን እስካሁን አልለካሁትም።